የምትማረው ለማን ነው?

ራሱን ለማሻሻል ለሚተጋ ክርስቲያን የተጻፈ ምክር



ይህችን ትንሽ ጽሑፍ በእጅህ ይዘህ የምትመለከት አንተ፥ ማንበብ የምትችል ሰው ነህ። ይህ ነገር ዛሬ ቀላል መስሎ ይታይህ ይሆናል፤ ዳሩ ግን አንተ ለዚህ ትደርስ ዘንድ ብዙ ሰዎች ደክመዋል። አንዱ ፊደል አስቈጠረህ፤ ሁለተኛው ካለው ከጥቂቱ ቀንሶ ደብተርና መጽሐፍ ገዛልህ፤ አንዲቱም አንተ ቁጭ ብለህ ስታጠና እንጀራ ጋገረች፥ ውኃ ቀዳች፥ ልብስህን አጠበች። አሁንም ዕውቀትህን ለመጨመር፥ ጠባይህን ለማረም፥ ኑሮህን ለማሻሻል ትተጋለህ። በሌሊት ታነባለህ፤ ቋንቋ ትማራለህ፤ ገንዘብህን በቁጠባ ትይዛለህ፤ ክፉ ልማድህን ትተው ዘንድ ከራስህ ጋር ትታገላለህ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ልቡ የነቃ ክርስቲያን አንድ ቀን ራሱን እንዲህ ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም፤ «ዘወትር ስለ ራሴ ማሰቤ፥ ራሴን መመዘኔ፥ ራሴን ማሳደጌ ራስ ወዳድ አያደርገኝምን? ደግሞስ ዘመኔን ሁሉ ለሌላ ሰው ብሰጥ የእኔ ትምህርትና የእኔ ነፍስ ምን ይሆናሉ?» ይህ ጥያቄ ከንቱ ጥያቄ አይደለም። በዚህ መንገድ ላይ ብዙዎች ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ወድቀዋልና፥ ነገሩን በትዕግሥት እንመርምረው።

1ኛ፤ መክሊቱ የማን ነው?

ራስን ማሻሻል የትዕቢት ሥራ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። ክርስቲያን ራሱን መካድ እንጂ ራሱን ማሳደግ አይገባውም ብለው ትምህርትን ይንቃሉ፤ ስንፍናቸውንም ትሕትና ብለው ይጠሩታል። ጌታችን ግን መክሊቱን በመሬት ስለ ቀበረ አንድ ባሪያ ተናግሯል። ይህ ባሪያ አልሰረቀም፤ የተሰጠውን በስካር አላጠፋም፤ ጌታው በመጣ ጊዜም እንደ ነበረ መለሰለት። የተፈረደበት ስለ መቅበሩ ነው። እንግዲህ እግዚአብሔር የሰጠንን አእምሮ ያለ ሥራ ማስቀመጥ ንጽሕና አይደለም። ጌታችን ራሱ በናዝሬት ሕፃን ሆኖ በአካልም በማስተዋልም እንዳደገ፥ ማስተማር የጀመረውም 30 ዓመት ያህል ሲሆነው እንደ ነበረ ወንጌላዊው ሉቃስ ይነግረናል። እነዚያ የዝምታ ዓመታት የባከኑ ዓመታት አልነበሩም።

ደግሞም ባልንጀራን የመውደድ ትእዛዝ ሲሰጠን መለኪያው የገዛ ራሳችን እንዲሆን ነው የተሰጠን። ለነፍሱ የማይጠነቀቅ፥ ለአእምሮውም የማያስብ ሰው መለኪያው የተሰበረ ነው፤ በተሰበረ ቁናም እህል አይሰፈርም።

ነገር ግን በዚያው ምሳሌ ውስጥ ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ሁለተኛ ነገር አለ። መክሊቱ የባሪያዎቹ ገንዘብ አልነበረም። አምስት የተቀበለውም ሌላ አምስት አትርፎ ሁሉን ለጌታው አቀረበ እንጂ፥ የድካሜ ዋጋ ነው ብሎ ወደ ገዛ ቤቱ አልወሰደውም። ስለዚህ በመክሊት ላይ የሚሠራ በደል ሁለት ነው፤ አንዱ መቅበር ነው፤ ሁለተኛውም የራስ ገንዘብ አድርጎ መቍጠር ነው። የመጀመሪያውን ሰነፍ ይሠራዋል፤ ሁለተኛውን የሚሠራው ግን ትጉህ ሰው ነው። አንባቢ ሆይ፥ ትጉህ ከሆንህ ልትፈራው የሚገባህ ይህን ሁለተኛውን ነው።

2ኛ፤ «ከራስ በላይ ነፋስ»

በአገራችን «ከራስ በላይ ነፋስ» ይባላል። «ለራስ ሲቈርሱ አያሳንሱ» ይባላል። «እኔ ከሞትሁ ሰርዶ አይብቀል» የሚልም አለ። ይህን የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ እየሳቀ ነው፤ ዳሩ ግን በሳቅ የተነገረው ነገር በሥራ ሲፈጸም እናያለን።

ጌታችን በምሳሌ የነገረን ባለጠጋ እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። እርሻው እጅግ አፈራለት፤ ቀማኛ ወይም አታላይ እንደ ነበረ ግን አልተነገረም። ጥፋቱ ወዴት ነው? በልቡ ሲመክር ከገዛ ራሱ በቀር አማካሪ አልነበረውም። ያጨዱለት ሠራተኞች፥ በደጁ የሚያልፉ ድሆች፥ ዝናሙን የሰጠ አምላክ በምክሩ ውስጥ ስፍራ አላገኙም። ያገኘው አሳብ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ የሚበልጥ መሥራት ብቻ ነበረ፤ በዚያችም ሌሊት ነፍሱን ተጠየቀ።

የዛሬ ከተማ ሰው ጎተራ የእህል ላይሆን ይችላል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዲፕሎማ፥ በመደርደሪያ የተደረደረ መጽሐፍ፥ ለመታያ የሚነገር የውጭ አገር ቋንቋ ሊሆን ይችላል። አንዱን ትምህርት ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል፤ ጎተራውን አፍርሶ የሚበልጥ ይሠራል፤ ከእርሱ ግን አንዲት ቁና ስንኳ ለጎረቤት አትወጣም። የነፍስም ነገር ከዚህ አደጋ አያመልጥም። በመቅደስ ቆሞ ጾሙንና ዐሥራቱን የቈጠረው ፈሪሳዊ ራሱን በማሻሻል እጅግ የደከመ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ድካም ቀራጩን ለመናቅ ከፍ ብሎ መቆሚያ አደረገው። ጸሎቱን ያቋረጠበትን ሕፃን የሚቈጣ፥ ስለ ትዕግሥት የተጻፈ መጽሐፍ ሲያነብ የጠራችውን እናቱን የሚገላምጥ ሰው የዚህ ፈሪሳዊ ወንድም ነው።

በብዙ ቤት የሚሆነውን ነገር እንመልከት። ማታ ነው፤ ተማሪው በመብራት አጠገብ ተቀምጦ ያጠናል። በዚያው ቤት ከገጠር የመጣች፥ በዕድሜዋ ከእርሱ ብዙ የማታንስ ልጅ አለች። ማለዳ ከሁሉ በፊት ትነሣለች፤ ማታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች። ከአገርዋ የተላከላትን መልእክት የሚያነብላት ሰው ትለምናለች፤ በስልክዋ ላይም የእናትዋን ስም ከሌላው ስም ለይታ ማወቅ አትችልም። ራቱን አቅርባ ዕቃውን ካጠበች በኋላ በበሩ አጠገብ ትቆማለች፤ አንድ ቀንም ደፍራ «ጋሼ፥ ይህ ምን ይላል?» ብላ ትጠይቀዋለች። እርሱም ዓይኑን ከመጽሐፉ ሳያነሣ «አታቋርጪኝ፤ ፈተና አለብኝ» ይላታል። በእውነት ፈተና አለበት። ነገር ግን የዚያን ሌሊት ፈተና በበሩ አጠገብ ቆማ ሳለች አላወቃትም።

ልብ በል፤ ይህ ተማሪ ክፉ ሰው አይደለም። አልመታትም፤ ደመወዝዋንም አልከለከላትም። ምናልባት በሚያጠናው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ሕዝብ ዕድገት የሚናገር ምዕራፍ ይኖራል፤ እርሱም አንድ ቀን ለአገሩ ትልቅ ሥራ ሊሠራ ያስባል። ጕድለቱ ይህ ነው፤ አገር በሩቅ ያለች መስላዋለች እንጂ በገዛ ቤቱ ቡና የምታፈላለት እርስዋ መሆንዋን አላሰበም።

3ኛ፤ ባዶ ማሰሮ

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ መጽሐፌን ዘግቼ ሰውን ወደ ማገልገል ልሩጥ» ይል ይሆናል። ይህ ደግሞ ሁለተኛው ገደል ነው። ባዶ ማሰሮ ለተጠማ ሰው ቢዘነበል የሚያወጣው ነገር የለም። ስለ ዐሥሩ ቆነጃጅት በተነገረው ምሳሌ አምስቱ ልባሞች ዘይታቸውን ለሰነፎቹ አላካፈሉም። ብዙ አንባቢ በዚህ ላይ «እንዴት ጨከኑ!» ይላል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ካልተዘጋጀ በመጨረሻው ሰዓት ከሌላ ሊበደሩት የማይቻል ነገር አለ። ሐኪም ሊሆን የሚማር ተማሪ ትምህርቱን ችላ ብሎ በየሰፈሩ ሲሯሯጥ ቢውል፥ በኋላ በበሽተኛው አልጋ አጠገብ በቆመ ጊዜ ደግነቱ ዕውቀት አይሆንለትም። ለእንዲህ ያለ ሰው በሚገባ መማሩ ራሱ፥ ገና ስሙን ለማያውቀው በሽተኛ አስቀድሞ የሚሰጠው ፍቅር ነው።

ለሁሉ የሚሮጥም ሰው ልቡን ይመርምር። ምስጋናን የሚራብ ሰው አለ፤ ሲያመሰግኑት ይበረታል፥ ሲረሱት ያጕረመርማል፤ «እኔ ባልኖር ምን ትሆኑ ነበር?» ማለትን ይወዳል። ይህ ራስ ወዳድነት የአገልጋይ ልብስ ለብሶ ነው። ጌታችን ሕዝብ ሁሉ ሲፈልገው ስንኳ ብቻውን ወደ ምድረ በዳ ወይም ወደ ተራራ ወጥቶ ይጸልይ ነበር፤ ከዚያም ወደ ድውዮቹና ወደ ተራቡት ይመለስ ነበር። የሄደው ሕዝቡን ንቆ አልነበረም፤ የተመለሰውም ጸሎቱን ጠግቦ አልነበረም።

እኅቴ ሆይ፥ ለአንቺ ደግሞ ለብቻሽ የሚነገር ነገር አለ። «ራስሽን ካጂ፤ ለቤተ ሰብሽ ኑሪ» የሚለው ስብከት ብዙ ጊዜ የሚነገረው የራሴ የምትለው ሰዓት ከቶ ላልነበራት ሴት ነው። ወንድሞችዋ እንዲማሩ እርስዋ ከትምህርት ቤት የቀረች ልጅ፥ በኋላ መማር ብትመኝ ራስ ወዳድ ተብላ ትሰደባለች። ራስን መካድ ሰው በፈቃዱ ለጌታው የሚያቀርበው መሥዋዕት ነው፤ ሌላው ሰው ስለ ምቾቱ ከእርስዋ የሚወስደው ግን መሥዋዕት አይባልም፤ ቅሚያ ነው። የማርታ እኅት ማርያም በጌታችን እግር አጠገብ ተቀምጣ ስትሰማ እኅትዋ ከሰሰቻት፤ ጌታችን ግን ከተቀመጠችበት አላስነሣትም። ስለዚህ ሳታፍሪ ትምህርትሽን ያዢ።

4ኛ፤ «ስጨርስ እረዳለሁ»

እንግዲህ በሁለቱ ገደሎች መካከል ያለው መንገድ የቱ ነው? ብዙ ሰዎች ነገሩን እንዲህ ብለው ያስታርቁታል፤ «አሁን ለራሴ እሠራለሁ፤ ትምህርቴን ስጨርስ፥ ሥራ ስይዝ፥ ቤት ስሠራ ያን ጊዜ ለሰው እኖራለሁ።» ይህ አሳብ ጥበብ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያታልል ነው። ክፉ አድርግ አይልምና ማንም አይጠረጥረውም፤ መልካሙን ብቻ ወደ ነገ ያስተላልፋል። ትምህርት ደግሞ መጨረሻ የለውም፤ ቤት የሠራም ሰው አጥር ያምረዋል። ከዚህም የሚከፋው፥ ዐሥር ዓመት እጁን መሰብሰብ ያስለመደ ሰው በዐሥራ አንደኛው ዓመት ሊዘረጋው ቢወድ አይታዘዝለትም። መስጠትም እንደ ንባብ ከልጅነት የሚለመድ ትምህርት ነውና።

የአባቶቻችን ትምህርት ቤት ይህን ያውቅ ነበር። ቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቤት ወጥቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ በእመቤታችን ስም እየለመነ ይማራል። የሚበላው ሁሉ የሌላ ሰው እንጀራ ነው፤ ስለዚህ ዕውቀቴ የእኔ ብቻ ነው ሊል አይችልም። ደግሞም የኔታ ብቻቸውን ሁሉን ማስተማር አይችሉምና፥ ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቈጥረው ያስቈጥራል፤ የቅኔ መንገድ የገባው ገና ላልገባው ያስረዳል። ሊቅ እስኪሆን ድረስ ቆይ የሚለው የለም። በማስተማሩም ያወቀው ነገር ይጸናለታል፥ ያላወቀውም ነገር ይገለጥለታል። እነሆ በዚህ ስፍራ ራስን ማሻሻልና ለሌላ መኖር ሁለት ሥራ አይደሉም፤ አንድ ሥራ ናቸው።

በቅርብ ዘመንም እንዲህ ያለ ነገር ታይቷል። በ1971 ዓ. ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ጊዜ ትምህርታቸውን ገና ያልፈጸሙ ብዙ ወጣቶች ለሽማግሎችና ለባልቴቶች ፊደል አስቈጠሩ፤ ትምህርቱም ከጊዜ በኋላ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። በዚያ ዘመን ስለ ተደረገው ስለ ሌላው ነገር የሰው አሳብ ልዩ ልዩ ነው። ነገር ግን በጣቱ ቀለም ነክቶ ይፈርም የነበረ ሽማግሌ ስሙን በእጁ መጻፍ በቻለ ጊዜ፥ ያስተማረው ልጅ ትምህርቱን ጨርሷል ወይስ አልጨረሰም ብሎ አልጠየቀም።

በገሊላ ባሕር ማዶም ያ ሁሉ የተራበ ሕዝብ በበላ ጊዜ፥ መጀመሪያ የተገኘው የአንድ ብላቴና ስንቅ ነበረ። ብላቴናው አድጎ ባለጠጋ እስኪሆን ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ፥ በዚያ ቀን ከእጁ የሚወሰድ እንጀራ ባልተገኘ ነበር።

5ኛ፤ የሚጠቅም ሰው

ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ስሙ አናሲሞስ ስለሚባል አንድ ባሪያ ይለምናል። የዚህ ስም ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ «የሚጠቅም» ማለት ነው። ከአገራችን ልጆች አንዱ ይህን ስም ተቀብሎ እንደ ስሙ ሆነ፤ እርሱም ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር ተወለደ። በልጅነቱ ተሰርቆ ከአንዱ ነጋዴ ወደ ሌላው ተሸጠ፤ በ1870 በምጽዋ ነጻ ወጣ። ለምጽዋ ቅርብ በሆነችው በእምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ተማረ፤ በ1872 ተጠመቀ፤ ከ1876 እስከ 1881 ድረስም በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተማረ። ይህ ሰው ከእንግዲህ ወዲህ ለራሴ ብቻ ልኑር ቢል ማን ይፈርድበት ነበር? ነጻነቱን፥ ልጅነቱን፥ የእናቱን ቤት ሰዎች ወስደውበታልና። እርሱ ግን ዕውቀቱን ይዞ ወደ ወገኖቹ የሚወስደውን መንገድ ፈለገ።

መንገዱም ተዘጋበት። ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት የተደረገው ጕዞ ሳይሳካ ቀርቶ ወደ ባሕሩ አቅራቢያ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በተቀመጠበት ስፍራ ሊሠራ የሚቻለውን ሥራ ያዘ፤ ይኸውም መጻሕፍትን ወደ ኦሮሞ ቋንቋ መተርጐም ነው። ነገር ግን ከአገሩ በልጅነቱ ስለ ተወሰደ የቋንቋውን ሀብት ሁሉ አያውቅም ነበር። በዚህ ጕድለቱ የረዳችው አስቴር ጋኖ ናት። እርስዋም በባርነት ተይዛ ወደ ዓረብ አገር ስትወሰድ በ1886 በኢጣልያ መርከብ ነጻ ወጥታ፥ በእምኩሉ ትምህርት ቤት ያደገች ልጅ ነበረች። ከአገርዋ በቃል ይዛ የመጣችውን ተረት፥ ምሳሌና እንቆቅልሽ ጻፈች፤ ቃላትንም ሰበሰበች። ሐዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ፤ ሁለቱ በአንድነት ያዘጋጁት የንባብ መጽሐፍ በ1894 ወጣ፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና በግዕዝ ፊደል ታተመ። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ፥ ወደ ነቀምቴ ሄደው ማስተማር ጀመሩ። ኦኔሲሞስ በ1931፥ አስቴር በ1964 ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፥ ከዚህ ሦስት ነገር አስተውል። መጀመሪያ፥ እነዚህ ሰዎች መማርን አልናቁም፤ አምስት ዓመት በባዕድ አገር መማር ቀላል ድካም አይደለምና። ሁለተኛ፥ ከስዊድን ከተመለሰበት ዓመት ጀምሮ ነቀምቴ እስኪደርስ 23 ዓመት አልፏል፤ ነገር ግን «መንገዱ ሲከፈት እሠራለሁ» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ፥ መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ይዞት የሚሄድ መጽሐፍ ባልኖረው ነበር። ሦስተኛ፥ የትርጕሙ ዝና የወጣው ይልቁን በኦኔሲሞስ ስም ነው፤ አስቴር ግን ስምዋ ብዙ ሳይነሣ ሠራች፥ ከዚያም በኋላ ልጆችን አስተማረች። ዕውቀትህ ማንንም ሳይጠቅም ስምህ ከሚጠራ ይልቅ፥ ስምህ ሳይጠራ ዕውቀትህ ቢጠቅም ይሻላል።

6ኛ፤ ከተማርኸው ዐሥራት አውጣ

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?» ብትል፥ እነሆ ጥቂት ምክር።

አስቀድመህ ከዕውቀትህ ዐሥራት አውጣ። ከገንዘቡ ዐሥራት የሚያወጣ ክርስቲያን ብዙ ነው፤ ከዕውቀቱ የሚያወጣ ግን ጥቂት ነው። በሳምንት 10 ሰዓት የምታጠና ከሆንህ አንዱን ሰዓት ለማያውቅ ሰው ስጥ። ይህ በዓመት 52 ሰዓት ይሆናል። የፊደላችን ቍጥር 33 ነው፤ በ7ቱ ቅርጻቸው 231 ይሆናሉ። አንድን ትልቅ ሰው በ52 ሰዓት እነዚህን አስቈጥሮ እስከ ንባብ መጀመሪያ ማድረስ ለትጉህ ሰው የማይቻል ነገር አይደለም። ለአንተም ዘጠኙ ሰዓት በእጅህ ቀርቶልሃል።

ሁለተኛ፥ አንድ ሰው ምረጥ። ሕዝብን ሁሉ መውደድ ቀላል ነው፤ ሕዝብ ሁሉ በሌሊት መጥቶ በርህን አያንኳኳምና። ስሙን የምታውቀውን፥ ፊቱን ዘወትር የምታየውን ሰው ያዝ። በቤትህ የምታገለግል ልጅ ካለች ከእርስዋ ጀምር። ነገር ግን የምታስተምርበትን ሰዓት ከዕረፍትዋ አትውሰድ፤ ከሥራዋ ቀንስላት። የበላህበትን ሳህን ራስህ ብታጥብ ክብርህ አይጐድልም። በሰፈራችሁ የማታ ትምህርት ቤት ካለም አስመዝግባት፤ በሰዓቱ ከሥራ እንድትለቀቅም ለቤተ ሰቡ ተናገርላት። ቃልህ በዚያ ቤት ይሰማል፤ የእርስዋ ግን አይሰማምና።

ሦስተኛ፥ የምትማረውን ነገር ስትመርጥ «ይህ ምን ያህል ያስከፍለኛል? ምን ያህልስ ያስገኝልኛል?» ብለህ መጠየቅህ አይነቀፍም፤ ሰው በሥራው ሊያድር ይገባዋልና። ነገር ግን ሦስተኛ ጥያቄ ጨምርበት፤ «ይህን በማወቄ ሸክሙ የሚቀልለት ሰው ማን ነው?» መልስ ባታገኝ ትምህርቱን ተው አይባልም፤ መልሱን እስክታገኝ ግን መፈለግን አትተው።

አራተኛ፥ በእውነትና በፍቅር እንቢ ማለትን ተማር። ደመወዝ በተቀበለ ቀን ዘመድ ሁሉ እጁን የሚዘረጋበት ብዙ ወጣት አለ። ለሚለምነው ሁሉ ሰጥቶ ትምህርቱን የሚያቋርጥ፥ ቆይቶም ዘመዶቹን የሚጠላ ሰው ማንንም አልጠቀመም። የታመመውን ከሚያጌጠው፥ የተራበውን ከሚለምደው ለይ። የምትሰጠውን አስቀድመህ ወስነህ በደስታ ስጥ፤ ለማትሰጠው ደግሞ ምክንያትህን ሳትዋሽ ንገር። እየዋሹ ከመሸሽ በግልጥ እንቢ ማለት ይሻላል።

አምስተኛ፥ ያስተማርኸው ሰው ከአንተ እንዲበልጥ ውደድ። ይህ ከሁሉ የከበደው ነው። ተማሪያችን ከእኛ በታች ሳለ መርዳት ደስ ይለናል፤ ሊተካከለን ሲጀምር ግን ቅንዓት ይነሣብናል። መጥምቁ ዮሐንስ ደቀ መዛሙርቱ ትተውት ወደ ጌታችን በሄዱ ጊዜ አላዘነም። በዚህ ሰዓት የልብህን ነገር ተመልከት፤ የደከምኸው ለሰውዬው እንደ ሆነ ወይም ለመታየት እንደ ሆነ ያን ጊዜ ታውቃለህ።

በየሳምንቱም መጨረሻ በጸሎትህ ሰዓት ራስህን እንዲህ ብለህ መርምር፤ በዚህ ሳምንት ምን ተማርሁ? ከተማርሁት ለማን ሰጠሁ? በመማሬ ምክንያት ለቤቴ ሰዎች የምገር ሆንሁ ወይስ የምቈጣ? ሦስተኛውን ጥያቄ ከአንተ ይልቅ የቤትህ ሰዎች በትክክል ይመልሱታል።

መደምደሚያ

የተወደድህ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሁሉ የምታደርገው በእግዚአብሔር ፊት ዋጋ ልትገዛበት አይደለም። አንድ ሰዓት አስተምሮ በዚያ የሚመካ ሰው እንደገና ጎተራ ሠራ። የክርስቲያን ደግነት ምንጩ ሌላ ነው። ጌታችን ባለጠጋ ሳለ ስለ እኛ ድሀ ሆነ፤ ከፍ ያለው ዝቅ አለ፤ መምህር ሲሆን ውኃና ጨርቅ ይዞ የተማሪዎቹን እግር አጠበ። እርሱ ዕውቀቱን ለክብሩ አልሰወረም፤ ነፍሱንም ለራሱ አልሳሳም። አንተም ከዚህ ማዕድ የበላህ እንግዳ ነህ፤ በባዶ እጅህ መጥተህ ጠግበህ ሳለ በጓዳ ተርቦ የቆመውን ሰው እንዴት ትረሳለህ?

ስለዚህ ተማር፤ ነገር ግን እንደ ባለ አደራ ተማር። ጠባይህን አሻሽል፤ ነገር ግን በመስተዋት ፊት ብቻ ቆመህ አይሁን። ብርታትህን ጨምር፤ የምትጨምረው ግን ሸክም የምታነሣበትን ነው። ዛሬ ማታ መጽሐፍህን ስትከፍት ቀና ብለህ በበሩ አጠገብ የቆመ ሰው እንዳለ ተመልከት። ቢኖር ግን «ና፥ ተቀመጥ» ወይም «ነዪ፥ ተቀመጪ» በል፤ መብራቱ ለሁለት ይበቃልና።

ጸሎት፤ የዕውቀት ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር ሆይ፥ የሰጠኸንን መክሊት በስንፍና እንዳንቀብረው፥ በትዕቢትም የእኛ ነው እንዳንል ጠብቀን። ለመማር ትጋትን፥ ለማካፈል ፈቃድን ስጠን። በቤታችን ያለውን ባልንጀራችንን እናይ ዘንድ ዓይናችንን ክፈት። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም። አሜን።